ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ከተመረቅሽ ዓመት ሞልቶሻል። አሁን የደንበኞችን መረጃ ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ የሚያዛውር አንድ አነስተኛ ቢሮ ሊቀጥርሽ ነው። «ሶፍትዌሩ እኮ የሁለቱን ሲስተም ኮለሞች (የመረጃ ዓምዶች) ራሱ እያገናኘ ያስተላልፋል፤ በሚጠፋ ሥራ ላይ ዕድሜዬን ላባክን?» ብለሻል።

እኔም የጀመርኩት እዚያው ሥራ ላይ ነው። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

አዎ፣ ማገናኘቱ ቀሏል። «ስልክ»ን ከ«ሞባይል ቁጥር» ጋር ለማጣመር ሰው አያስፈልግም። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን ፋይል ስናዛውር፣ ፕሮግራሙ የልደት ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ወሰደው። በ1970 የተወለደ ሰው በአንድ ሌሊት ከሰባት ዓመት በላይ አረጀ። በጳጉሜ የተወለዱትን ደግሞ 13ኛ ወር የለም ብሎ ጣላቸው። ከወረቀት ማኅደር አንድ በአንድ እየፈለግኩ መለስኳቸው። ሥራውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ያንቺኑ ከተማ ውሰጂ። አሮጌው ፋይል «ክልል፦ ደቡብ» ይላል። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ፣ የቀረው በ2015 መጨረሻ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ያ አንድ ቃል ዛሬ አራት ክልል ነው። ሶፍትዌሩ ዞኑንና ወረዳውን አይቶ እንዲለይ ደንቡን ማን ይጽፍለታል? አዲሱ ሲስተም «የቤተሰብ ስም» ሲጠይቅስ፣ የአባት ስም ይግባ ወይስ የአያት? ይህን የሚወስነው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ግቢበት። ኤስኪውኤልን፣ ማለትም ከመረጃ ቋት መረጃ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ በደንብ ያዢ። ካዛወርሽ በኋላ የመዝገቡ ብዛት ገጠመ ብለሽ አትርኪ። ሃያ ሰው ምረጪና ከአሮጌው ጋር በዓይንሽ አስተያዪ፤ አንዱ የጳጉሜ ልጅ ይሁን።

አባትሽ «ባንክ ግቢ፣ የታናናሾችሽ ትምህርት ቤት ክፍያ ባንቺ ነው» ማለታቸው ልክ አይደለም። ልጆቹን የማስተማር ኃላፊነት የሳቸው ነው። ማገዝ ጥሩ ነው፤ በየወሩ የምትሰጪውን ግን አንቺ ቁረጪና በአክብሮት ንገሪያቸው።

እንግሊዝኛሽ አያስጨንቅሽ፣ ከሥራው ጋር ይመጣል።

«ሦስት ወር ያለ ክፍያ ተለማመጂ» ያሉሽን ግን እንዳትቀበዪ። ቢያንስ የባጃጅና የምሳ ይክፈሉሽ፤ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ደመወዝሽ ስንት እንደሚሆን ደግሞ ሰኞ ስትሄጂ በጽሑፍ ጠይቂ።