መልስ፦ ቶፍለር ከመጻፉ በፊት ምን ይሠራ ነበር?
«አልቪን ቶፍለር ስለ መጪው ዘመን ከመጻፉ በፊት ሥራው ምን ነበር?» ላልከው ወንድሜ፣ አሜሪካዊው ጸሐፊ ቶፍለር የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1928 ኒው ዮርክ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከባለቤቱ ከሃይዲ ጋር ክሊቭላንድ ሄዱና 5 ዓመት ያህል ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ። እሱ ብየዳ ተማረ፤ እሷም አሉሚኒየም ፋብሪካ ገባች። ትልቁ ትምህርት ቤቱ ይህ ይመስለኛል። የሠራተኛውን ኑሮ በዓይኑ አየ። ከዚያ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ፎርቹን መጽሔት ላይም ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው «ፊውቸር ሾክ» የተባለው መጽሐፉ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለውጥ ከልክ በላይ ሲፈጥን ሰው ግራ ይጋባል፣ ይታወካል። በ1980 ደግሞ ሰው ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር እንደሚሠራ ጻፈ። አስበው፣ ያኔ!

ሃይዲን ግን እንዳትረሳት። ባለቤቱም የሥራ አጋሩም ነበረች፤ ስሟ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የወጣው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። እሱ እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈ።