እንሶስላ ወይስ ሂና?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከደብረ ሲና ነኝ። በሚቀጥለው ወር እህቴን እንድራለን። አምና ለሌላ ሰርግ ከሱቅ የገዛሁት ጥቁር ሂና እጄን አቃጥሎ ውሃ አስቋጥሮኝ ስለነበር አሁን ፈርቻለሁ። እናቴ "እንሶስላ እያለልሽ ምን አንከራተተሽ" ብላ ወፍ ዋሻ ጫካ ዳር ምንጭ አጠገብ ነጭ ሆኖ መሀሉ ወይን ጠጅ የሆነ አበባ አሳየችኝ። ከሂና ጋ አንድ ነው እንዴ? የእግር ጣት መሀል ለሚያሳክክም ይሆናል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እናትሽን ስሚያቸው። ተክሎቹ ይለያያሉ፣ የሂና የሚፈጨው ቅጠሉ ነው የእንሶስላ ግን ድንች የመሰለው ስሩ ነው፣ የሚያቀላው ላውሶን የሚባለው ነገር ግን ሁለቱም ውስጥ አለ። አንቺን ያቃጠለሽ ሂናው ላይሆን ይችላል፣ ጥቁር እንዲሆን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨምሩበታል፣ ስለዚህ የፀጉር ቀለም ስትቀቢም ተጠንቀቂ።

አያቴ ስሩን አጥባ ልጣ ትወቅጠውና መዳፋችንና የእግር ጥፍራችን ላይ ለጥፋ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ በጨርቅ ታስረን ነበር፣ ከዛ እስኪነጋ ምንም መንካት የለም፣ አፍንጫሽን ቢበላሽ እንኳ የምታክልሽ እህትሽ ናት፣ እሷም ታስራ ካልሆነ ማለት ነው። ጠዋት ሲፈታ ብርቱካንማ ሆኖ "አልያዘም" ብለን እናለቅሳለን፣ እሱ ግን እየዋለ እየጠቆረ ይሄዳል።

የእግሩም ወሬ ብቻ አይደለም፣ ጭቃ ሲረግጡ የሚውሉ ሰዎች ጣታቸው መሀል ሲላጥ የሚቀቡት እሱን ነው፣ ላውሶን ፈንገስን ይዋጋል። ስኳር ያለበት ሰው ወይ መግል የያዘ ቁስል ከሆነ ግን ቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ከጫካው ከመቆፈርሽ በፊት ጎረቤት ጠይቂ፣ ጓሮው የተከለ አይጠፋም። ካገኘሽ አንዷን ስር የእቃ እጣቢ ውሃ በሚፈስበት ጥላ ቅበሪያት፣ በበጋ ግንዷ ሲደርቅ ሞተች ብለሽ እንዳትነቅያት፣ ክረምት ሲገባ ትመለሳለች (ፍሬዋ ሲበስል ነካ ስታረጊው ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ልጆች ይወዱታል)። ሙሽራዋን ደግሞ በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድማችሁ እሰሯት፣ ቀለሙ እስኪጠቁር ጊዜ ይፈልጋል።