ለአሮጌ ግንብ ኖራ ወይስ ስሚንቶ?

ጥያቄ፦ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ያለ አሮጌ የባሕር መብራት ማማ ሲታደስ በቴሌቪዥን አየሁ። ሠራተኞቹ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ደህና ስሚንቶ በመሮ እየፈቀፈቁ አውጥተው ኖራ ይሞሉበታል። ስሚንቶ አይበልጥም? ሐረር ጀጎል ውስጥ የአያቶቻችን የድንጋይ ቤት ስላለ እሱንስ በምን እናድሰው?
አንባቢ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ሠራተኞቹ ልክ ናቸው። የቆየ ግንብ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ ቁም ነገሩ የገባው በየት ይወጣል ነው። ኖራ ስለሚተነፍስ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው ይወጣል። ስሚንቶ ይደፍነውና እርጥበቱ በድንጋዩ ፊት ይተናል። ባሕር ላይ ደግሞ ውሃው ጨው ይዟል፤ ሲተን ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ እየጠጠረ ፊቱን እንደ ዱቄት ያረግፈዋል። ስሚንቶው ሳይነካ ድንጋዩ ወደ ውስጥ የተበላበት ግንብ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ማዕበል የሚመታውን ማማ ግን ተራ ኖራ አይችለውም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1759 ያጠናቀቀውን፣ በእንግሊዝ ባሕር ውስጥ ባለ ዐለት ላይ የቆመውን የኤዲስቶን የመብራት ማማ ሲሠራ፣ ሸክላ አፈር ካለበት የኖራ ድንጋይ የሚገኘው ኖራ ውሃ ውስጥም እንደሚጠነክር አረጋግጧል። ለባሕር ማማ የሚመረጠው ይህ ዓይነቱ ነው።

ለቤታችሁ በመጀመሪያ መገጣጠሚያውን በጥፍርዎ ይጫሩት፣ በውሃም ያርጥቡት። ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ ጭቃ ነው፤ ጭቃ በጭቃ ይጠገናል፣ ከላይ ኖራ ይቀባል። ነጣ ብሎ ካልለሰለሰ ኖራ ነው። እንዲህ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ወር ውሃ ውስጥ የከረመ የኖራ ሊጥ 1 እጅ፣ ታጥቦ በወንፊት ከተነፋ ሻካራ አሸዋ 3 እጅ ጋር ያዋህዱ። ውሃ አይጨምሩ፤ ደጋግመው ሲወቅጡት ራሱ ይለሰልሳል። ውሃ የበዛበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መገጣጠሚያውን ወደ ውስጥ የስፋቱን እጥፍ፣ ቢያንስ 2.5 ሳ.ሜ. ያህል በመሮ ይክፈቱ፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ግንቡን በዋዜማው አጠጥተው ኖራውን ከ1 ሳ.ሜ. ባልበለጠ ንብብር እየጠቀጠቁ ይሙሉ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር የግድ ነው።

ብዙው ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ ብቻ ሳይሆን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፤ ለዚህም እርጥበት ይሻል። በፀሐይ ቶሎ የደረቀው በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይርጩበት። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ መሮ ከማንሳታችሁ በፊት የክልሉን የቅርስ መሥሪያ ቤት አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ የማማው ትልቅ መስታወትስ እንዴት ይጸዳል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1822 ፈረንሳዊው ኦገስቲን ፍሬኔል የፈለሰፈው ዓይነት ከሆነ፣ ብርሃኑን ሰብስበው የሚልኩ የመስታወት ቀለበቶች በብረት ማቀፊያ ተደርድረው ነው የተሠራው። ለስላሳ ጨርቅና ቀለል ያለ ሳሙና ይበቃዋል፤ አሸዋማ ማጽጃ ይጭረዋል። አንዳንዱ ትልቅ መስታወት ግን በሜርኩሪ ገንዳ ላይ ተንሳፎ ይሽከረከራል። የሜርኩሪው ትነት መርዝ ስለሆነ በባለሙያ ሳይወጣ ክፍሉ ውስጥ ሥራ አይጀመርም።