የእንጨት ሮለር ኮስተር ከልክ በላይ ያንገጫግጫል ወይ? ለደሴዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዲህ ነው፦ ኦሃዮ የሚኖረው ወንድምሽ በክረምቱ አንቺንና እናታችሁን አስመጥቶ ኪንግስ አይላንድ የሚባለው መዝናኛ ሊወስዳችሁ ነው። «ዘ ቢስት» የተባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር (ሰውን ጭኖ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር) ላይ ካልወጣችሁ ኦሃዮን አላያችሁም ብሏል። አንቺ ደግሞ እንጨት ስለሆነና ስላረጀ አጥንት ያላላል የሚል ሰምተሽ ልብሽ ፈራ፤ እናታችሁም ወገባቸውን ያማቸዋል። ከስር የተጻፉልሽ መልሶች ግማሾቹ «አብሽሪ፣ ምንም አይልሽ»፣ ግማሾቹ «እንዳትሞክሪው» ይላሉ። እንዲህ ያለ መልስ ለማንም አይጠቅምም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አዎ፣ የእንጨት ሮለር ኮስተር ከልክ ሊያልፍ ይችላል። አልፎም ያውቃል፣ ያውም እዚያው ኪንግስ አይላንድ ውስጥ። ጥፋቱን ግን እንጨቱ ላይ አትጣይው። ጥፋቱ የጥገናው፣ የባቡሩ ክብደትና የምትቀመጪበት ረድፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንቺ እጅ አይደሉም፣ ሦስተኛው ግን ሙሉ በሙሉ በእጅሽ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያምታታው ሁለት ነገር አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርጂ አስቢው። ኩርባው ላይ ወደ ጎን የሚስብሽ ኃይል ከመንገዱ ቅርጽ የመጣ ነው፤ መኪናው አዲስ፣ ሹፌሩ ጎበዝ ቢሆንም ይስብሻል። ባሌስትራው የሞተ ሚኒባስ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ወገብሽን የሚመታሽ ግን የጉዳት ውጤት ነው፣ ማንም አስቦ አልሠራውም። ሮለር ኮስተር ላይም መቀመጫሽን ሲለቅቅሽ፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ስትጫኚ፣ ዙሪያው ላይ ወደ ጎን ስትጎተቺ፣ ያ ሁሉ በሒሳብ የተሠራ ነው። ጥርስሽ ሲንቀጫቀጭና ጎንሽ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ግን የሐዲዱ ጉዳት ነው። ለመጀመሪያው ሰው ገንዘብ ይከፍላል። ሁለተኛውን ማንም «እንጨት እንዲህ ነው» ብሎ ሊያስችልሽ አይገባም።

1. የሚያንገጫግጨው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። የእንጨት ሮለር ኮስተር ሐዲድ አንድ ወፍራም ግንድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ 8 ያህል የፓይን ጣውላዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ በሚስማርና በቡሎን ተያይዘው የተሠራ ነው። ከላይ ያሉት ሁለት ጣውላዎች ሰፋ ብለው ወጣ ይላሉ፣ መንኮራኩሮቹ የሚሄዱበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ይመታበታል። ባቡሩ ሦስት ዓይነት መንኮራኩር አለው፦ ክብደቱን የሚሸከመው ላይኛው፣ ከጎን የሚይዘው፣ ከስር ሆኖ ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይነሳ የሚከለክለው። የስረኛውን ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ በ1919 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ለምሳሌ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከ1902 ጀምሮ ያለው «ሊፕ ዘ ዲፕስ»፣ የስር መንኮራኩር ስለሌላቸው በዝግታ ነው የሚሄዱት። ዛሬ የምናየው ፍጥነትና ድፍረት ሁሉ የመጣው በዚያ ትንሽ መንኮራኩር ነው።

እንግዲህ ባቡሩ ቁልቁለት ወርዶ እንደገና ሊወጣ ሲታጠፍ፣ ኃይሉ 3 ጂ (የምድር ስበት ሦስት እጥፍ) ቢደርስ ሐዲዱ የባቡሩን ክብደት ሦስት እጥፍ ይሸከማል። ይህ በየቀኑ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይደጋገማል። ጣውላው ይሰምጣል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ዝናብ ሰርጎ ይገባና እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ትንሽ ስርጉድ ተፈጠረች ማለት ነው። የሚቀጥለው ባቡር ስርጉዷን ሲመታት ምቱ ካለፈው የበለጠ ይከብዳል፣ ያ ደግሞ ስርጉዷን የባሰ ያሰፋታል። በጊዜ ካልተያዘ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። የጎን መንኮራኩሩና የሐዲዱ ክፍተት ሲሰፋ ደግሞ ባቡሩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ግራና ቀኝ እየተላጋ ይሄዳል። ጎንሽን የሚያሳምምሽ እሱ ነው።

እንጨት በራሱ ደካማ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም። እዚያው ወሎ፣ ላሊበላ አካባቢ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በእንጨትና በድንጋይ ንብብር የተሠራ ሲሆን ዋሻው ከዝናብ ስለጋረደው ስንት መቶ ዓመት ቆሟል። ዝናብ የሚመታውና ባቡር የሚደበድበው እንጨት ግን በየዓመቱ ክፍል በክፍል መቀየር አለበት። ጥሩ መናፈሻ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ሐዲዱን በእግሩ እንዲያየው ያደርጋል፣ በፈረንጆቹ የብርድ ወራት ተዘግቶ ሳለ የተጎዳውን ርዝመት ነቅሎ አዲስ ጣውላ ያነጥፋል። የሚያናድደው፣ ለቀለምና ለማስታወቂያ ገንዘብ የማያጡ፣ ለጣውላ ሲሆን ግን «የሚቀጥለው ዓመት» የሚሉ መናፈሻዎች መኖራቸው ነው። ከዚያ ጎብኚው ሲያማርር እንጨቱ ይወቀሳል።

2. ከልክ ያለፈው የትኛው ነበር? «ሰን ኦፍ ቢስት» ነው፣ የዘ ቢስት ልጅ እንደማለት። ኪንግስ አይላንድ በ2000 ከፈተው። ቁመቱ 218 ጫማ፣ ማለትም 66 ሜትር ያህል ነበር፤ መሐሉ ላይም ሰውን ዘቅዝቆ የሚያዞር ቀለበት ነበረው። ቀለበቱን ለማለፍ የነበረው ባቡር ከባድ ነው፣ ከባድ ባቡር ደግሞ ሐዲድ ይበላል። ሐምሌ 2006 ላይ የተሰነጠቀ እንጨት ሐዲዱን አጉብጦት ባቡሩ በላዩ ሲያልፍ 27 ሰው ተጎዳ። ቀለበቱን አንስተው በቀላል ባቡር በ2007 እንደገና ከፈቱት። በ2009 አንዲት ሴት ጭንቅላቷ ላይ ጉዳት ደረሰብኝ ስትል ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። በ2012 ፈረሰ። ስለዚህ «የኪንግስ አይላንዱ የእንጨት ሮለር ኮስተር ሰው ጎዳ» የሚል ወሬ ሰምተሽ ከሆነ ስለ ልጁ ነው፣ ስለ አባቱ አይደለም።

ሌላው እዚያው ኦሃዮ፣ ሰዳስኪ ከተማ ሲዳር ፖይንት ውስጥ የነበረው «ሚን ስትሪክ» ነው። 1991 ተከፈተ። ሐዲዱ እንዳይጎዳ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን አስገቡበት፣ በዚህም ፍጥነቱ ሞተ፣ መንገጫገጩ ግን ቀረ። 2016 ላይ ዘጉት፤ የእንጨቱን ምሰሶ አስቀርተው ሐዲዱን በብረት ቀየሩትና በ2018 «ስቲል ቬንጀንስ» ሆኖ ወጣ። አሁን ከፊተኛው ይረዝማል፣ ይፈጥናል፣ ሰውን ከወንበሩ ደጋግሞ ያነሳል፣ ግን ለስላሳ ነው። ኃይልና መንገጫገጭ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

3. ዘ ቢስት ራሱ። በ1979 ተከፈተ። ርዝመቱ 7,361 ጫማ፣ ማለትም 2 ኪሎ ሜትር ከ240 ሜትር ያህል ነው። ከእንጨት ከተሠሩት በዓለም ረጅሙ እሱ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 104 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ጉዞው ከ4 ደቂቃ ይበልጣል። ብዙ ሮለር ኮስተሮች በሁለት ደቂቃ አካባቢ ያበቃሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ንዝረት እንኳ 4 ደቂቃ ሲቆይ ትከማቻለች። ከ2022 በፊት በነበሩት የብርድ ወራት ብዙ ሐዲድ ተቀይሮለታል፣ የመጀመሪያው ቁልቁለትም ቅርጹ ተስተካክሏል። የድሮ ቪዲዮ ስር የተጻፈ እሮሮ አይተሽ ከሆነ መቼ እንደተጻፈ እይ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ወንበሩ። ባቡሩ 6 ሠረገላ አለው፣ እያንዳንዱ 3 ረድፍ፣ በጠቅላላው 18 ረድፍ። የእያንዳንዱ ሠረገላ መንኮራኩሮች ያሉት ከፊተኛውና ከኋለኛው ረድፉ ስር ነው። መሐለኛው ረድፍ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ስለሆነ ምቱ ተከፋፍሎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ያዢያቸው፦ 2፣ 5፣ 8፣ 11፣ 14፣ 17። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ወይም 8 ላይ ተቀመጪ። ሰው በአብዛኛው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወንድም ወይም ጓደኛ «ከኋላ ነው ደስታው» ብሎ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን እንግዳ 18ኛው ረድፍ ላይ ያስቀምጠዋል። 18 ማለት መንኮራኩር ላይ መቀመጥ ነው፣ በዚያ ላይ የመጨረሻው ሠረገላ ኮረብታውን የሚያልፈው በፊተኞቹ እየተጎተተ ስለሆነ ይወረወራል። ላወቀው ሰው ጥሩ ነው፣ ለእንግዳ ግን ቅጣት ነው። የጣቢያው ሠራተኛ ወደ ባዶ ረድፍ ሊገፋሽ ይችላል፤ «አምስተኛውን ረድፍ እጠብቃለሁ» ማለት መብትሽ ነው፣ ፊቱን ቢያጠቁርም ቆመሽ ጠብቂ።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ጠዋት ግሪሱና ኩሽኔታው ቀዝቃዛ ስለሆነ ባቡሩ ዘገም ይላል። ቀኑ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ዝናብ ካባራ በኋላም እንዲሁ። ዘ ቢስት በጨለማ ጫካ ውስጥ ሲሄድ ዝናው የወጣለት ነው፤ እውነትም ነው፣ ግን ማታውን ለሁለተኛው ዙር አቆዪው።

ስትቀመጪ መጀመሪያ ወገብሽን ከወንበሩ ጀርባ ጋር አጣብቂ፣ ከዚያ በኋላ ነው የጭን ብረቱን የምታወርጂው። ተንሸራተሽ ተቀምጠሽ ብረቱ ከተቆለፈ መሐሉ ክፍት ሆኖ ስትናጪ ትውያለሽ። እግርሽን ወለሉ ላይ አስቀምጪ፣ ብረቱን ያዢ፣ ዓይንሽ ሁልጊዜ ከባቡሩ ፊት ይሁን። አንገት የሚጎዳው ሳያስቡት ሲታጠፉ ነው። ወደ መጨረሻው የተሸፈነ ረጅም ዙሪያ አለ፤ እዚያ ውስጥ ሰው ወደ ውጭ ነው የሚገፋው፣ አጠገብሽ ያለው ከባድ ከሆነ ተጭኖሽ ይሄዳል። ሻሽ ወይም ሒጃብ ካለሽ ጫፉን አስገብተሽ በደንብ ሰክተሽ ያዢው፣ ነጠላ ይዘሽ አትውጪ። ቦርሳና ስልክ ታች ይቅሩ።

መጀመሪያ ግን ዘ ቢስት ላይ ዘለሽ አትውጪ። እዚያው «ዘ ሬሰር» አለ፣ ከ1972 ጀምሮ፣ 88 ጫማ ከፍታ፣ ኮረብታ ብቻ ነው። በእሱ እንጨት ምን እንደሚመስል ትለምጃለሽ። ቀጥሎ በ2017 የተከፈተው «ሚስቲክ ቲምበርስ» ነው። የእሱ ባቡር 12 አጫጭር ሠረገላ ስለሆነ እንደ ሰንሰለት እየታጠፈ ሐዲዱን ይከተላል፣ አይፋለምም። አዲስ የእንጨት ሮለር ኮስተር በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል እሱ ያሳይሻል። ከሁለቱ በኋላ ሰውነትሽ ደህና ከሆነ ዘ ቢስትን አትፍሪው። ሬሰሩ ላይ ራስሽን ካመመሽ ግን እዚያው አቁሚ፤ ትኬቱ ተከፍሏል ብሎ ራስን ማስገደድ አያዋጣም። በሩ ላይ ያለው ቢሮ ደግሞ «ፈርቼ ተውኩት» ብትዪው ገንዘብ ይመልስልኛል ብለሽ አትጠብቂ። ያን ዕለት የትኛው እንደተዘጋም ሳትገቢ ጠይቂ።

ጉዞው ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ውስጥ ከወደቀና የምትጾሚ ከሆነ ቀኑን ከጾሙ በኋላ አድርጊው። ባዶ ሆድና የኦሃዮ ሙቀት አንድ ላይ ራስ ያዞራሉ፣ ከዚያ ጥፋቱ የሮለር ኮስተሩ ይመስልሻል። ባትጾሚም ቀለል ያለ ነገር ቅመሺ፣ ውኃ ጠጪ።

እናታችሁን በተመለከተ፣ ወገባቸውን ያማቸዋል ካልሽ ዘ ቢስት ለእሳቸው አይሆንም። ረድፍ አምስትም አያድናቸውም። የወገብ፣ የአንገት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አይወጣም፤ መግቢያው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ለይስሙላ አይደለም። ለእሳቸው በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር አለ፣ የፓሪሱ አይፍል ታወር ሢሶ የሚሆን ግንብም አለ፣ በአሳንሰር ወጥተው አገሩን ያያሉ። «ብቻዬን አልቀርም» ካሉ ወንድምሽ አብሯቸው ይቆይና ተራ በተራ ውጡ።

ከወረድሽ በኋላ ትንሽ መንገዳገድ የተለመደ ነው። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ ከመጣ ግን «ያልፋል» አትበዪ፣ በቀጥታ የመናፈሻው የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል ሂጂ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ቤት መግባት ዋጋው ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ከደሴ ሳትነሱ የጉዞ ኢንሹራንስ ለሁለታችሁም ግዙ፣ በመናፈሻ ጨዋታ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ይሸፍን እንደሆነ ወረቀቱን አንብቢው፣ የእናታችሁን ወገብም እዚያው የሚያክማቸው ሐኪም ይየው።