ደመወዝ መጠየቅ አገር መክዳት አይደለም

«አገርህን የምትወድ ከሆነ ደመወዙን አታይም።» ጅማ ውስጥ የምርምር ሥራ ፈልጎ ደጅ የጠና ወጣት ሁሉ ይህችን አባባል በአንድ ወይም በሌላ መልኩ ሰምቷታል። እኔ ዕድሜዬን በቡና በሽታ ምርምር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ልጆቼ፣ አባባሉ ልክ አይደለም። እናንተን ይጎዳል፣ ቡናውንም ይጎዳል።

ቡናውን እንዴት እንደሚጎዳ ላስረዳችሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሲቢዲ የሚሉት፣ ፈንገስ የሚያመጣው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ገና አረንጓዴ የሆነው ፍሬ ላይ መጀመሪያ አንዲት ጠቆር ያለች፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደች ነጥብ ትወጣለች። ክረምቱ ሲጠና ነጥቧ ትሰፋለች። ፍሬው ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ወይ ይረግፋል ወይ ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ገበሬው ለቀማ ሳይደርስ የዓመት ልፋቱ አለቀ ማለት ነው። ያኔ ከከተማችን ወጣ ብሎ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ሰዎች በየጫካውና በየማሳው ዞሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ጠቁሮ ፍሬው ደህና የቀረውን ዛፍ ፈለጉ። ዘር ወሰዱ፣ ችግኝ አፈሉ፣ ፈንገሱን ሆን ብለው ረጩበት፣ ያልተሸነፈውን ለዩ። ዛሬ ነጋዴውም ላኪውም የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። 74 የምትለው መነሻ የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.ን ታሳያለች።

እንዲህ ያለ ሥራ በጥድፊያ አይሆንም። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ከዚያም አንድ ዓመት ይበዛለታል፣ በሚቀጥለው ይቀንሳል። አንድን ዝርያ ደህና ነው ለማለት ዓመት በዓመት መመዝገብ ያስፈልጋል። ታዲያ ተመራማሪው ችግኙ ሳያፈራ የቤት ኪራይ አቅቶት ቢሄድስ? ዛፉ ቆሟል፣ መዝገቡም መደርደሪያው ላይ አለ። ግን የትኛው መደዳ ላይ ውሃ እንደሚተኛ፣ የትኛው ዛፍ ሞቶ በሌላ እንደተተካ፣ የትኛው ታርጋ እንደተቀያየረ የሚያውቅ ሰው የለም። ተተኪው ደብተር እያገላበጠ ይገምታል። ግምት ደግሞ ለገበሬ የሚሰጥ ዘር አይሆንም።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጎበዝ ልጅ ትዝ ይለኛል። ሙከራው ሊያፈራ ሲል ወደ ኤንጂኦ ሄደ። ቢሮው ውስጥ ለወራት ታማ። «ብር በለጠበት» ተባለ። ልጁ የታመሙ እናት ነበሩት፣ ልጆችም ነበሩት፣ የሚያገኘው ደመወዝ ደግሞ ከወር ወር አያደርሰውም ነበር። ዛሬም ድረስ ያ ሐሜት ያናድደኛል። በእሱ ቦታ ሆኜ ብሆን እኔም እሄድ ነበር።

ያልሄደውስ ምን ይሆናል? በአበል መኖር ይጀምራል። ወርክሾፕ ያሳድዳል። ክረምት ላይ ማሳው ውስጥ መዋል ያለበት ሰው አዳራሽ ውስጥ ይውላል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ይህን እዚህ ጅማ ሄርማታ ገበያ ሲወጣ ያውቀዋል። በዚህ ላይ «አገርህን ውደድ» ብሎ መስበክ ለእኔ ግፍ ነው።

ደቡብ ኮሪያን ተመልከቱ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ጦር ሄዶ የተዋጋላት አገር ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. ኪስት የተባለውን የምርምር ተቋም ስታቋቁም ገና ድሃ ነበረች። አሜሪካ የቀሩ ልጆቿን «አገራችሁ ትፈልጋችኋለች» ብላ ጠራች፣ እዚያ ላይ ግን አላቆመችም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሚያገኘው በእጅጉ የሚበልጥ ደመወዝ ከፈለች፣ መኖሪያ ቤት ሰጠች። ክፍያው አሜሪካ ከሚያገኙት ያንስ ነበር፤ ቢሆንም መጡ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀረውን ልዩነት የአገር ፍቅር ሞላው። ሙሉውን ሸክም ግን ማንም አላሸከመውም።

ውጭ የቀረውንም በችኮላ አትፍረዱበት። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እዚሁ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የሚያስተምሩት አሜሪካ ነው፣ ሥራቸው ግን የአፍሪካ ገበሬ ማሳ ደርሷል።

እንግዲህ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ደመወዙን ጠይቁ፣ አንገት አትድፉ። ቤት አለ ወይ? ለመስክ መኪና በሰዓቱ ይገኛል? የላብራቶሪ ኬሚካል ሲያልቅ ስንት ወር ይጠበቃል? ይህን መጠየቅ ሥራውን የምር ለመሥራት ያሰበ ሰው ወግ ነው። መልሱ ካልጣማችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ ማንም ከሃዲ ሊላችሁ መብት የለውም።

አንድ ነገር ላይ ግን እጨክንባችኋለሁ። መንግሥት ለትምህርት ሲልካችሁ ተመልሳችሁ ለማገልገል ውል ትፈርማላችሁ፣ ዋስም ትጠራላችሁ። ዋሱ ብዙ ጊዜ ከእናንተ ያልተሻለ ደመወዝ ያለው ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። ላትመለሱ ከወሰናችሁ ዕዳውን ራሳችሁ ክፈሉ። እናንተ ባሕር ማዶ ሆናችሁ እዚህ የሰው ደመወዝ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ለዚህ ምንም ምክንያት አልቀበልም።

ስለ መስክ ረዳቶችም ልጨምር። እኛ የቡናውን ቁጥር ከደብተር ስናነብ፣ እነሱ ዛፉን በመልኩ ያውቁታል። ዝናብ እየመታቸው የታመመውን ፍሬ አንድ በአንድ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ክፍያቸው ከእኛም ያነሰ ነው። ነገ ፕሮጀክት ስትመሩ፣ በጀት ስትጽፉ የእነሱን መስመር ከሁሉ በፊት አስገቡና እስከ መጨረሻው ተከራከሩለት፤ «ገንዘቡ አልበቃም» ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነውና።