ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ነጥብ መቁጠሩን ትቼ ካሎሪ ልቁጠር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 44 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በነጥብ የሚቆጠር የአመጋገብ ፕሮግራም ስከተል ቆይቻለሁ፤ ለእያንዳንዱ ምግብ ነጥብ ይሰጠዋል፣ በቀን ከተፈቀደልኝ ነጥብ ማለፍ የለብኝም። ከ93 ኪሎ ወደ 82 ወርጄ ነበር፤ አሁን ግን ነጥቤን ሳላልፍ 86 ገብቻለሁ። ተናድጄ ተውኩትና በቀን 1,000 ካሎሪ መቁጠር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አንድ ነጥብ ስንት ካሎሪ ነው? እንጀራና ወጥ እንዴት ነው የሚቆጠረው? ጉርሻስ? እናቴ በስኳር በሽታ እግሯ ተቆርጦ ነው ያረፈችው፤ ሚዛን ላይ በወጣሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። ለነገሩ እኔም ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚንና ግሊመፒራይድ እወስዳለሁ። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራዬ (ኤዋንሲ) 6.8 ነበር። ሰሞኑን ረቡዕና ዓርብ ስጾም ከሰዓት በኋላ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ጓደኛዬ «ስብሽ እየቀለጠ ነው» አለችኝ። ቀጠሮዬ ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነ ያኔ ለሐኪሜ እነግረዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀጠሮውን አይጠብቁ። ዛሬ ይደውሉ። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ፤ በፊት ግን ስለ እናትዎ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የጠየቁኝ ስለ ነጥብ ቢሆንም የሚያስጨንቅዎ እሱ አይመስለኝም።

አራት ኪሎ መመለሱ እግር አያስቆርጥም። እግር የሚቆረጠው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲኖር ነው። ነርቩ ይደነዝዛል፣ ደም በደንብ አይደርስም፣ ትንሽ ቁስል ሳትታይ ትቆያለች፣ ከዚያ ትመረቅዛለች። የእርስዎ 6.8 ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ከምንመኘው ከ7 በታች ነው። ክብደትዎም ቢሆን ከ93 ኪሎ 86 ማለት አሁንም ሰባት ኪሎ ወርዷል ማለት ነው፣ ከመቶ ሰባት በላይ። ከመቶ አምስት ሲቀንስ እንኳ ስኳርም ግፊትም ሲሻሻል እናያለን። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለው ይቀንሳል፣ ርሃቡ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥቂት ኪሎ መመለሱ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ማታ ማታ እግርዎን ከታችም በጣቶችዎ መሃልም ይዩ፣ ዓይንዎን በዓመት አንዴ ይታዩ። እናትዎ ይህን የሚነግራቸው አግኝተው ነበር ወይ አላውቅም፤ እርስዎ ግን አግኝተዋል።

አሁን ወደ ላቡና ወደ መንቀጥቀጡ ልምጣ።

ይህ ስብ መቅለጥ አይደለም። ስብ ሲቃጠል አይሰማም። ቀስ ብሎ፣ ተኝተን እያለን ሳይቀር ይቃጠላል፣ አብዛኛውም በትንፋሽ ነው የሚወጣው። እጅ አያንቀጠቅጥም። «ላብ ካለ ስብ እየቀለጠ ነው» የሚለውን ወሬ ከስንት ታካሚ እንደሰማሁት! በፌስታል ተጠቅልለው የሚሮጡ አሉ፣ ሳውና ውስጥ ራሳቸውን እስኪስቱ የሚቀመጡ አሉ። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ ይመለሳል። የእርስዎ ላብ ደግሞ ከዚህም የተለየ ነው። ደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች እየወረደ ይመስላል። አንጎል ስኳር ሲያጥረው ሰውነት የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ቀዝቃዛ ላብ ይወርዳል። ሰውነትዎ ድረሱልኝ እያለ ነው፣ ጓደኛዎ ደግሞ ጎበዝ በርቺ አለችዎ። ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ተሳስታለች።

የምጠረጥረው ግሊመፒራይዱን ነው። ይህ ክኒን በሉም አልበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ይለዋል። ሜትፎርሚን ብቻውን ቢሆን እንዲህ እምብዛም አያደርግም። ሐኪምዎ የክኒኑን መጠን የወሰነው በፊት ይበሉት በነበረው ምግብ ልክ ነው። እርስዎ ምግቡን በጣም ቀነሱ፣ በላዩ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሙ፣ ክኒኑ ግን ያው የድሮው ነው።

አንድ ታካሚ ነበረኝ፣ ሹፌር ነው። እሱም ምግብ ቀንሶ ይህንኑ ክኒን ይውጥ ነበር፣ ላቡ ሲመጣ «እየሠራልኝ ነው» እያለ ይደሰት ነበር። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆመ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከኋላው ጥሩምባ ይነፋል፣ ይሰማዋል፣ ግን ወዴት እየሄደ እንደነበር ጠፋው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ከልጃቸው ቦርሳ ጭማቂ አውጥታ አጠጣችው። እሷ ባትኖር ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይጨንቀኛል። እርስዎም ሜሪላንድ ውስጥ ያለ መኪና እንደማይንቀሳቀሱ እገምታለሁ።

ስለዚህ መንቀጥቀጡ ሲጀምር፣ እየነዱ ከሆነ ዳር ይዘው ይቁሙ። ስኳርዎን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያው አጠገብዎ ከሌለ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ይጠጡ። 15 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ። ካልወጣ ይድገሙት፤ ከወጣ ቁጭ ብለው ምግብ ይብሉ። ቸኮሌት አይሆንም፣ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ስኳር የሌለው ዳየት ለስላሳማ ጭራሽ አይረዳም። ለቤተሰብዎም አሁኑኑ ይንገሩ፦ ራሴን ከሳትኩ አፌ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ 911 ደውሉ።

ሦስት ሳምንት ታግሰው ሌላ ሁለት ወር ልጠብቅ ማለትዎ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አናዶኛል። እንደ ግሊመፒራይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው ምግቡን ሲቀንስ መድኃኒቱን ጨመረ ማለት ነው። ይህን ለቀጠሮ አያስቀምጡትም። ስልክ ያንሱ፤ ቢሮው ከተዘጋም አብዛኛው ክሊኒክ ተረኛ ሐኪም አለው። «ግሊመፒራይድ እወስዳለሁ፣ ምግብ ቀንሻለሁ፣ ያልበኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል» ይበሏቸው፣ ይበቃል። እስኪያገኟቸው ድረስ 1,000 ካሎሪውን ይተዉት፣ ምግብ አይዝለሉ። ክኒኑንም በራስዎ ገምሰው አይዋጡ፤ ጓደኛ የምታውቀውን ሌላ ክኒንም አይሞክሩ።

ካሎሪ መቀነስ ለስኳር ሕመምተኛ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ብሪታኒያ ውስጥ የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ዳይሬክት የሚባል ጥናት አለ። ሰዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነበር የሚወስዱት። ከአንድ ዓመት በኋላ ከመቶ 46ቱ ያለ ምንም የስኳር መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ሆነ። ዕድሜ ልክ የሚያስጨንቅ በሽታ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው እኮ! ግን የስኳር ክኒናቸውን ገና በመጀመሪያው ቀን ሐኪሞቹ ናቸው ያስቆሟቸው። የእርስዎም ክኒን ይቀነስ ይሆናል፣ ወይም ይቀየራል። እሱን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። የጾሙንም ነገር አብረው ያንሱለት፤ የንስሐ አባትዎም ለታመመ ሰው ምን እንደሚሉ ያውቃሉ።

አሁን ነጥቡ። አንድ ነጥብ ይህን ያህል ካሎሪ ነው የሚባል ቋሚ ልክ የለም። በነጥብ አቆጣጠሩ የሚታወቀው የአመጋገብ ድርጅት ዌይት ዋቸርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ነጥብ ሲጀምር አንዱ ነጥብ በግምት 50 ካሎሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ስኳርና ጮማ ነጥቡን ያስወድዱታል፣ ፕሮቲን ያረክሰዋል። ስለዚህ ለመመንዘር አይድከሙ፣ ካሎሪውን ከዜሮ ይጀምሩ። ፕሮግራሙ አይቆጠርም ብሎ ዜሮ ነጥብ የሰጠው ምግብ ግን ዜሮ ካሎሪ አይደለም። አንድ ሙዝ 100 ገደማ ነው፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 230። ነጥብዎን ሳያልፉ ኪሎ የጨመሩት በዚህ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ ቤት ደግሞ ከምስሩ ይልቅ ዘይቱ ነው። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ሲቁላላ ዘይት ከጠርሙሱ ነው የሚንቆረቆረው፣ የሚለካው በዓይን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። አንድ ኩባያ ከገባ 1,900 አካባቢ ይሆናል። ያ ወጥ ለስምንት ቢካፈል ምስሩም ሽንኩርቱም ሳይቆጠር ለእያንዳንዱ 240 ካሎሪ ከዘይቱ ብቻ ይደርሰዋል። የጾም ምግብ ስለሆነ ቀላል ነው የምንለው ለዚህ ነው የማይሠራው። በማንኪያ ይለኩ፣ ድስቱ ለስንት ድርሻ እንደሚበቃ ይቁጠሩ፣ ያካፍሉ። በቃ። እንጀራውን በወጥ ቤት ሚዛን አንድ ሁለቴ ይመዝኑት፤ ለ100 ግራም 150 ካሎሪ ገደማ ቢይዙ ብዙ አይስቱም። ቁጥሩ ሁሉ ግምት ነው። የታሸገ ምግብ ላይ የተጻፈው ካሎሪ እንኳ እስከ ከመቶ 20 ቢበልጥ የአሜሪካ ደንብ ይታገሠዋል። ስለዚህ በ30 ካሎሪ እንቅልፍ አይጡ።

በቀን ስንት? ያለ ሐኪም ክትትል ከ1,200 በታች መውረድ ለአብዛኛዋ ሴት አይመከርም፤ ከእርስዎ ክኒን ጋር ደግሞ ቁጥሩን ከሐኪምዎ ጋር ሳይስማሙ አይጀምሩ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ጥሩ ነው።

ትሪ ላይ ከሰው ጋር ሲበሉ ደግሞ መቁጠር ያስቸግራል። የራስዎን እንጀራ ከመጀመሪያው ለይተው ከፊትዎ ያድርጉ፣ ወጡም እዚያው ላይ ይውጣልዎ። ጉርሻ ይቆጠራል፤ ወጥ የጠገበ ትልቅ ጉርሻ 50፣ 60 ካሎሪ ብለው ይያዙት። ጎርሰው ያመስግኑ፣ ይጻፉት። እሱን ለማካካስ ብለው ግን በማግስቱ ምሳ እንዳይዘሉ፣ ክኒኑ ሆድዎ ውስጥ ነው።