ዘፈኑ ማንን ነው የሚጠራው?

እንዴት ናችሁ ልጆች? እኔ ደሴ ፒያሳ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ካሴት ስሸጥና ስቀዳ የሸበትኩ ሰው ነኝ። ካሴት ሄደ፣ ሲዲ መጣ፣ ሲዲም ሄደ። ሱቁ ውስጥ ዛሬ የሞባይል ከቨር ይሸጣል። ቢሆንም ጆሮዬ ጡረታ አልወጣም፤ የእናንተንም ወሬ እሰማለሁ። አንድ ዘፈን በወጣ በማግስቱ “ወርቁ እኮ ይኼ ነው” ትባባላላችሁ። አንዱ ለእገሊት ነው ይላል፣ ሌላው ለመንግሥት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ የለም ለአገር ነው ብሎ ይምላል። ሰምና ወርቅ የኛው ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ሰሙን በቅጡ ሳያዩ ወርቅ ወርቅ ማለት ምን ይባላል?

እኔ የምላችሁ ቀላል ነገር ነው። ዘፈኑ ምን ማለት ነው ከማለታችሁ በፊት፣ ማን ነው የሚናገረው፣ ለማን ነው፣ ምን ፈልጎ ነው፣ ምን ትዝ ብሎት ነው በሉ። ወርቅ ካለ ከዚያ በኋላ ራሱ ብቅ ይላል። ከሌለም የለም።

“ማን ነው የሚናገረው” ስላችሁ፣ ዘፋኟ ናታ እንዳትሉኝ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ የለ? ማሲንቆው እየተመታ አንዱ እንግዳ “ተቀበል!” ይላል። ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ “ልቤ”፣ “አንጀቴ” እያለ ያዜማል። አሁን ልቡ የማን ነው? የአዝማሪው አይደለም። የእንግዳው ነው። እንግዳውም ብዙ ጊዜ ለአዝማሪው ብሎ አልሰጠውም፤ እዚያ ጥግ የተቀመጠ፣ ብድሩን ያልመለሰ ጓደኛ ይኖራል፣ ወይ ቀና ብላ የማታየው ልጅ ትኖራለች። አንዲት ስንኝ ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጧል ማለት ነው። ገንዘብ የሚያወጣው አንዱ፣ አፍ የሚያውሰው ሌላው፣ የሚነካው ሦስተኛው።

በስቱዲዮ ዘፈንም ያው ነው። የካሴት ሽፋን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። እናንተ ዘፋኟ በተጫወተችው ግጥም የፍቅር ታሪኳን ታወራላችሁ፣ ግጥሙን የጻፈው ግን አንድ ጎልማሳ ወንድ ነው፣ ምናልባትም ትዳሩ ሰላም የሆነ። እሱም ቢሆን ሁሉንም ከራሱ አላመጣውም። የሕዝብ ስንኝ ከዘፈን ዘፈን ይዞራል። ባለቤት የለውም። አያቴ እህል ስትፈጭ ያንጎራጎረችውን ስንኝ በኦርጋን ታጅቦ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ “ይኼን ለእሷ ነው የጻፈው” ከማለታችሁ በፊት ስንኙ ዘፋኙን በዕድሜ እንደማይበልጠው እርግጠኛ ሁኑ።

እስቲ ለምሳሌ እኔው አንድ ልግጠም፤ ሳቅ ክልክል ነው።

ቦርከና ሞላ አሉ፣ ድልድይ አፈረሰው፤
ሂያጁን ልቤንስ ማን ከመንገድ መለሰው?

የመጀመሪያው መስመር ወሬ ነው። “አሉ” ይላል፣ ተናጋሪው ወንዙን ሄዶ አላየም። ቦርከና ደግሞ ክረምት ላይ መሙላቱ ለኮምቦልቻና ለከሚሴ ሰው ብርቅ አይደለም። የሕዝብ ግጥም ላይ ይህ የመጀመሪያ መስመር ብዙ ጊዜ መንደርደሪያ ነው፣ ቤት ለመምታት ነው የገባው ብላችሁ ልትዘሉት ትችላላችሁ። አትዝለሉት። ሁለተኛው መስመር የሚይዘው በእሱ ነው። እግርን ወንዝ ያግደዋል፣ ልብን ግን ወንዝ አያግደውም፤ ታዲያ ልቡ ለምን ተመለሰ? ይኼን የሚለው ሳይሄድ የቀረው ሰውዬ ከሆነ፣ ፍላጎቱ እንደቀዘቀዘ ገብቶት ወንዙን ሰበብ አድርጓል። የምትለው እዚያ ማዶ ሆና የጠበቀችው ከሆነች ደግሞ ልቧ ሊቀበለው ወጥቶ ነበር፣ መንገድ ላይ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ነግሮ መልሶባታል። አንድ ፊደል አልተቀየረም። የተቀየረው ተናጋሪው ነው፣ ትርጉሙም አብሮ ሄደ።

ፍላጎት ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአራቱ የዜማችን ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ የቦታ ስም ናቸው። ከአንቺ ሆዬ ጋር አራተኛው ትዝታ ነው፣ እሱ ደግሞ ስሙን ከናፍቆት ነው የወሰደው። ሁላችሁም የምታውቋት የድሮ ስንኝ አለች፦ “ትዝታዬ አንተ ነህ፣ ትዝታም የለብኝ፤ እመጣለሁ እያልክ እየቀረህብኝ።” እንደየዘፋኙ ትንሽ ትለያያለች። ብዙ ሰው ሲያዳምጣት አልቅሶ ያልፋል እንጂ አያያትም። ትዝታዬ አንተ ነህ ብላ፣ እዚያው ትዝታም የለብኝ ትላለች። ምን ማለቷ ነው? እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ ትዝታ ላለቀ ነገር ነው። ይኼ ሰውዬ ግን አላለቀም። እመጣለሁ ይላል። ቀጠሮ ያለው ሰው እንዴት ትዝታ ይሆናል? የሚያመው መቅረቱ ሳይሆን በየጊዜው እመጣለሁ ማለቱ ነው። ደግሞ ወንዶቹም ሲዘፍኗት “አንተ” እንዳሉ ነው። ያን ጊዜ “አንተ” የተባለው ሰው ላይሆን ይችላል፣ ትዝታ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ልክ እንደ እንግዳ መጣሁ መጣሁ እያለ ከደጅ የሚመለስ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትዝታ የሚዘፍን ሰው የናፈቀው ሰው እንዲመጣለት የሚፈልግ አይምሰላችሁ፣ ሁልጊዜ። ቢመጣ ዘፈኑ ያልቃላ! ናፍቆቱን ራሱን የወደደ ሰው አለ። ሱቄ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ደንበኞች ነበሩኝ፤ ታርቀው በሳምንቱ ካሴቱን መልሰው የሚያመጡ።

ወሎ ውስጥ ደግሞ የናፍቆት ቋንቋ የጎረምሳና የኮረዳ ብቻ አይደለም። ሰው ተሰብስቦ ዱዓ በሚያደርግበት ወደጃ ላይ፣ መውሊድ ላይ፣ በድቤ በሚባለው መንዙማ ውስጥ ነቢዩን መናፈቅ አለ። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሄደ ያውቀዋል። ስለዚህ አንዳንድ ዜማ ስትሰሙ እናታችሁ “ይኼ እኮ መንዙማ ነው” ብትል አትከራከሯት። አንዱ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ባለበት አገር ዜማው አጥር አያውቅም። ግን መንዙማውን የፍቅር ዘፈን ነው ብላችሁ አትተርጉሙት። የተፈለገው ማን እንደሆነ ሲቀየር ያው ቃል ሌላ ነገር ይሆናል።

ማንነት የምትሉት ነገር ላይ ደግሞ አንዱን ደንበኛዬን ላንሳ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ብዙ የወሎ ሰው በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ ተወስዷል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከመተከል፣ ከፓዌ የመጣ አንድ ሰውዬ ሱቄ ገባና “አምባሰል ስጠኝ” አለኝ። የማሪቱ ለገሠን አወጣሁለት፣ አምባሰል ሲባል ሁሉም የሚጠራት እሷን ነዋ። እሱ ግን “ስለ ዘፋኙ ግድ የለኝም፣ አገር አገሩን የሚጠራውን” አለ። ከሌሎችም ካሴቶች እየሞከርን አንዱ ላይ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ መርሳ እያለ የሚሄድ ቦታ ደረስን። “መልሰው” አለኝ። መለስኩት። “አሁንም መልሰው።” የፍቅሩ ግጥም ሲመጣ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ እሱን እለፈው ማለቱ ነው። ቴፑ ወደ ኋላ እየሄደ እሱ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ቀድሞ እየጠራ። በመጨረሻ ያቺን ቁራጭ ብቻ በ60 ደቂቃ ካሴት ላይ ደጋግሜ እንድቀዳለት አዘዘ፣ ሁለቱንም ፊት። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የቦታ ስም የሚደረድሩ ዘፈኖች ግጥም ያጠራቸው ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን የሚሰማው እንደ ስም ጥሪ ነው። አገሩ አለ ወይ፣ አለ። ሐይቅስ? አለ።

አሁን ያንኑ አገር በሌላ ሰው አፍ አስቡት። ከተማ ላይ ሆኖ “የወሎ ልጅ፣ የወሎ ቆንጆ” እያለ የሚዘፍነው ስንቱ ነው? ጥሩ ነው፣ ሙገሳ ነው፣ እኛም እንጨፍርበታለን። ግን በ1966ም በ1977ም የወሎ ስም በዓለም የተጠራው በረሀብ ነው። አንዱ ሲጠራን ቆንጆ፣ ሌላው ሲጠራን የተራበ። የሚያርሰው፣ የሚነግደው፣ የሚያስተምረው ሰውዬ ሁለቱም ውስጥ የለም። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ “ጋሼ፣ ወሎዬ ነኝ ስል ሰዎች መጀመሪያ ፊቴን ነው የሚያዩት፣ ዘፈኑን ከፊቴ ጋር የሚያስተያዩት ነው የሚመስለኝ” ብላኛለች። ሙገሳም ትእዛዝ ይሆናል። ስለዚህ ስለ እናንተ አገር የተዘፈነ ዘፈን ስትሰሙ የሚያየው ዓይን የማን እንደሆነ አጣሩ። ከውስጥ ያለ ሰው ነው ወይስ ከአውቶቡስ መስኮት?

አድማጩም የራሱን ይዞ ይመጣል። በደርግ ጊዜ ግጥም በሳንሱር ይመረመር ነበር፣ የ1985ቱ የፕሬስ ዐዋጅ እስኪያነሳው ድረስ። የፍቅር ዘፈን ግን በቀላሉ ያልፍ ነበር። እናቶች እየመጡ ያንን የፍቅር ዘፈን የሚገዙት ለፍቅር አልነበረም። በቀይ ሽብር ወጥቶ ለቀረ ልጅ ነው፣ ግንባር ለሄደ ልጅ ነው። ገጣሚው አስቦበት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። የእነሱ ትርጉም ግን ውሸት አይደለም። የኔ ምክር ሁለቱን አትቀላቅሉ ነው፦ ዘፈኑ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ እኔ የሰማሁበት ሌላ። “እኔን እንዲህ አሰበኝ” ማለት ትችላላችሁ። “ገጣሚው እንዲህ ማለቱ ነው” ለማለት ግን ማስረጃ አምጡ።

አንድ የማልረሳው ክርክር አለ። ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች ያኔ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር። አንዲት እናት ቤቷ ያለው ቴፕ ተበላሽቶባት ከጅዳ የመጣላትን ካሴት ሱቄ ይዛ መጣች፣ ጎረቤቷንም አስከትላ። ልጅቱ ለሁሉም በየስሙ ሰላምታ አቀረበች። ላሟ ወልዳ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና ዘፈነች፣ ያቺኑ “ትዝታዬ አንተ ነህ”። ጎረቤትየዋ ወዲያው “ሰው ይዛለች! አንተ አለች እኮ” አለች። እናትየዋ “የምን ሰው፣ ወንድሟን ነው፣ አዝላ ያሳደገችውን” አለች። እኔንም ዳኛ አድርገው አፋጠጡኝ። ቡና ተፈልቶ አቦል ቶና አልፎ በረካው ሲቀዳ ክርክሩ እንዳለ ነበር።

እናትየዋ መልስ ስትቀዳ እሱኑ ጠየቀቻት። ከወራት በኋላ መልሱ መጣ። ልጅቱ በሳቅ ፈንድታ፣ “እማዬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ የማውቀው ዘፈን እሱን ብቻ እኮ ነው” ትላለች። ጎረቤትየዋ አፈረች። እናትየዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። “እሱማ እሷ የምትለው ነው፤ ለወንድሟ ነው” ብላ ካሴቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

እናንተም ቤት ከአልጋ ሥር እንዲህ ያለ ካሴት ሊኖር ይችላል። ቴፑ ሳይጣበቅ፣ ሻጋታ ሳይበላው ወደ ስልካችሁ ገልብጡት። ስትገለብጡ ሁለቱንም ፊት አዳምጡ፣ የሰማችሁትን ግጥም በእጃችሁ ጻፉት፣ ከዚያ የቤቱን ትልቅ ሰው “ይኼን ማን ነበር የሚወደው?” ብላችሁ ጠይቁ።